«ለበጎ ነው» እና የቡናዋ ሴትዮ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ማይክ ሊ ፊልም፣ ስለ «ሃፒ ጎ ላኪ»፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ ፖፒን፣ «ሁሉን በበጎ የምታይ ሴት» ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም።

ፊልሙ በፈረንጆቹ 2008 የወጣ ነው። ፖፒን ሆና የተወነችው ሳሊ ሆኪንስ በዚያው ዓመት በበርሊን ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይትነት የብር ድብ ተሸልማለች። ለሳቋ ብቻ የሸለሟት አይመስለኝም። (ሳቋማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ እኔንም ሰልችቶኝ ነበር።)

ገና ከጅምሩ ብስክሌቷን ይሰርቋታል። «ለበጎ ነው» አትልም። ሳንሰነባበት ሄደ ዓይነት ቀልድ ጣል አድርጋ መንገዷን ትቀጥላለች። በሌላ ቀን፣ በሌሊት፣ ብቻውን የሚያልጎመጉም ጎዳና አዳሪ ታገኛለች። ነገ ያልፍልሃል አትለውም፤ ቆማ ታዳምጠዋለች። መኪና የሚያስተምራት ስኮት ደግሞ ቁጡ ነው። አንድ ቀን ብግን ብሎ ሊነዳ ሲል ቁልፉን ትወስድበታለች። ሁሉም መልካም ይሆናል ብላ ብታምን ኖሮ ቁልፉን ምን አስያዛት?

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው። ባለፈው ወር አራት ኪሎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ስልኬን መነተፉኝ። ያለኝ ብር ሁሉ ደግሞ ቴሌብር ላይ ነው። ሰልፈኛው ተቀባበለኝ። «ለበጎ ነው።» «ከዚህ የባሰም አለ።» «እንኳን አንቺ ተረፍሽ።» ክፉ አልተናገሩም፤ እናቴም ብትሆን ያንኑ ነበር የምትለኝ። ስልኩን ያዋሰኝ ግን አልነበረም።

ዳር ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴትዮ ናት የጠራችኝ። ቴሌ ጋ፣ 994፣ ደውላ ስልኳን ሰጠችኝ። ሲሜን እስካዘጋ ድረስ ቡናዋ ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ቆይ፣ ስልክ በኋላ ኪስ ይያዛል?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ከመቀነቷ የተጣጠፈ 50 ብር ፈትታ፣ «ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ብሯን ልመልስ ሄድኩ። ፊቷ ያው ነው፣ ኮስተር እንዳለ። ብሩን ሳትቆጥር መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

«ቡናዬን ያስገነፈልሽው አንቺ አይደለሽ?» አለችና፣ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋልኝ ስኒ ማጠብ ጀመረች።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ