ማጥበቅና ማላላት ለማሽንም ይጻፍለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን የማነበው በጆሮዬ ነው። ዐይነ ስውር የአማርኛ መምህር ስሆን ዜናችሁን ስልኬ ድምፅ አውጥቶ ያነብልኛል። አንባቢ ሰው ከመለመን ስላዳነኝ ባለውለታዬ ነው፤ ሆኖም የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም። በፍርድ ቤት ዜና «ልጁ በየቀኑ ይመታል» ተብሎ ሲጻፍ፣ «መ» እና «ታ» ከላሉ ልጁ መቺ ነው፤ ከጠበቁ ደግሞ ተመቺ። «ከዐውዱ ይገባሃል» የሚሉኝ አሉ። በዐይኑ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ፍቺ ይዞ ማመዛዘን ይችላል፤ እኔ ጆሮ የሚደርሰው ግን ማሽኑ የመረጠው አንዱ ብቻ ነው። መቺና ተመቺ የተለዋወጡበትን ዜና ሰምቶ ዝም ማለት አይቻለኝም።

ልዩነቱ በሰዓት የሚለካ ነገር ነው። «ታ» ሲጠብቅ ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ተጣብቆ የሚቆይበት ጊዜ ከላላው በግልጽ ይረዝማል። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፖል ቦርስማ እና ዴቪድ ዊኒንክ የሠሩት ፕራት የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ የተቀዳ ንግግርን በምስል አውጥቶ ይህን ቆይታ በሚሊ ሰከንድ ያስለካል። ባልደረባዬ ምስሉን እያየ ቁጥሩን ሲነግረኝ፣ ጆሮዬ አስቀድሞ የለየው ነው። «ጠ» እና «ቀ» ላይም ችግር አለ፤ ማንቁርት ተዘግቶ ወደ ላይ ከፍ ሲል በአፍ ውስጥ የታመቀው አየር ፈንድቶ መውጣት ሲገባው ማሽኑ ያለሰልሰዋል። እሱንስ እችለዋለሁ።

የአብነት ትምህርት ቤት መምህሮቻችን የግእዝን ንባብ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍና ወዳቂ በሚባሉ የአነባበብ ስልቶች ለይተው፣ ፊደሉ የማይጽፈውን በቃላቸው አስተላልፈውልናል። እኔም የተማርኩት ከየኔታ አፍ ነው። ስልኬ ግን የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያየው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጠው ባለ ሁለት ነጥብ የማጥበቂያ ምልክት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። በየቃሉ ላይ አድርጉት አልልም፤ ፍቺው በሚያሻማበት ቦታ፣ በተለይ በፍርድ ቤትና በጤና ዜናዎች፣ አራሚዎቻችሁ ያስቀምጡት። የንባብ ድምፅ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ምልክቱን ዘለው እንዳያልፉት፣ ድምፁንም ለሕዝብ ከመልቀቃቸው በፊት በጆሯችን ለምናነብ ሰዎች እንዲያሰሙን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአማርኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር