የሲኤንሲ ማሽናችሁን ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

የሲኤንሲ ማሽናችሁን (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጠውን) የሚያዘው፣ ፓራሌል ፖርት (የድሮው ሰፊ የፕሪንተር መሰኪያ) ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ተበላሽቶባችሁ «በምን እንተካው?» እያላችሁ የምትደውሉልን በዝታችኋል። በስልክ ከምንደጋግመው አንዴ ጽፈን እናስረዳ ብለናል።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን ስንት ጊጋኸርዝ ነው፣ ራሙስ ስንት ነው ብላችሁ ነው። ማሽኑ የሚፈልገው ግን ሰዓት የሚያከብር ኮምፒውተር ነው። ሰርግ ላይ ከበሮ የሚመታ ሰው ክንዱ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ምቱን ከሳተ እስክስታው ይበላሻል።

በቁጥር እንየው። የተለመደው ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) በአንድ ዙር 200 ስቴፕ ወይም እርምጃ አለው። ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ዕቃ) እያንዳንዱን ለ8 ሲከፍለው በዙር 1600 ፐልስ (ሞተሩን የሚያራምድ የኤሌክትሪክ ምት) ይሆናል። ቦልስክሩው (የሞተሩን ዙር ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚቀይረው ብሎን) በዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ከሆነ ለአንድ ሚሊሜትር 320 ፐልስ ያስፈልጋል። በደቂቃ 6 ሜትር ይሂድልኝ ካላችሁ በሰከንድ 32,000 ፐልስ መላክ አለበት ማለት ነው፤ በሁለት ፐልስ መካከል ያለው ጊዜ 31 ማይክሮሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በመሀል ሌላ ሥራ ይዞት 100 ማይክሮሰከንድ ቢዘገይ ሞተሩ ስቴፕ ይስታል፣ የተጀመረው እንጨትም ይጣላል።

ጂአርቢኤል (ሲኤንሲ ማሽን የሚያዝ ነፃ ሶፍትዌር) የተጫነበት አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ 16 ሜጋኸርዝ ብቻ ቢሆንም ሌላ ሥራ ስለሌለው ሰዓቱን ይጠብቃል። ጣሪያው በሰከንድ 30,000 ፐልስ አካባቢ ስለሆነ ከላይ ላለው ማሽን ትንሽ ያንሳል፤ ድራይቨሩን ወደ 4 ክፍፍል ካወረዳችሁት ግን 16,000 ስለሚበቃ ይሠራል። በሦስት አቅጣጫ ለሚንቀሳቀስ ትንሽ ራውተር (እንጨት የሚፈለፍል ማሽን) ከዚህ በላይ ገንዘብ አታውጡ እንላለን፤ ውድ ዕቃ ብንሸጥላችሁ ለእኛ ቢሻለንም።

ለትልቁ ማሽን የምንመርጠው ራስበሪ ፓይ 4 የተባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ከሜሳ ኩባንያ የኤተርኔት (በኔትወርክ ገመድ የሚገናኝ) ካርድ ጋር፣ ሊኑክስ ሲኤንሲ በተባለው የማሽን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው። ፐልሱን የሚያመነጨው ካርዱ ሲሆን ፓዩ በየ1 ሚሊሰከንዱ ትእዛዝ ብቻ ያቀብለዋል። የፓዩን ፒን በቀጥታ ከድራይቨር ጋር አታገናኙ፤ የሚያወጣው 3.3 ቮልት ነው፣ አብዛኛው ድራይቨር ደግሞ 5 ቮልት ይጠብቃል።

አንድ ጥፋታችንንም እንናገር። መጀመሪያ ላይ ሲስተሙን በኤስዲ ካርድ ላይ ጭነን እናስረክብ ነበር። መብራት ድንገት ሲጠፋ ካርዱ ተበላሽቶ አንድ ደንበኛችን ሁለት ቀን ሥራ ፈታ። ከዚያ ወዲህ ያለ ኤስኤስዲና ያለ ዩፒኤስ አንገጥምም።

ያገለገለ ዴስክቶፕ ካላችሁ አትጣሉት። ሊኑክስ ሲኤንሲ ላይ ያለውን የላተንሲ ቴስት (ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካውን) ከፍታችሁ፣ ጎን ለጎን ቪዲዮ እያጫወታችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። ላፕቶፕ ግን ባትሪ ለመቆጠብ ሲል በየመሀሉ ስለሚያቋርጥ ፐልስ ለማመንጨት አይሆንም።

ስትደውሉልን የቦልስክሩውን ፒች (በአንድ ዙር የሚገፋውን ሚሊሜትር)፣ የድራይቨሩን ክፍፍልና የምትፈልጉትን ፍጥነት ያዙ። ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት በነፃ እናሰላላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዎርክሾፑ ባልደረቦች