ጺም ያበቀለ ልጅ ከበር አይመለስም

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የወንድ ተማሪዎችን ጺምና ሪዝ ይመለከታል

ጤና ይስጥልን። ውርጩን እንዴት ይዛችሁታል?

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ጺም ነው። አዎ፣ ስለ ጺም። የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የተሰበረው ወንበር፣ የሚጠፋው ውሃ ሁሉ እያለ ርዕሰ መምህሩ ስለ ልጅ አገጭ ይጽፋል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ግን ከመስከረም ወዲህ ቢሮዬ የመጣው ወላጅ አብዛኛው የመጣው በዚሁ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አንዴ በደንብ ተነጋግረን እንጨርሰው።

በትምህርት ቤታችን መተዳደሪያ ደንብ ላይ «ወንድ ተማሪ ጺሙንና ሪዙን ተላጭቶ መገኘት አለበት» የሚል መስመር አለ። እኔ ስመጣም ነበረ። ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ዘንድሮ ዩኒት ሊደሮቹ ሥርዓት እናስይዝ አሉ፣ እኔም ፈረምኩ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመን የልጆቹን አገጭ ማየት ጀመርን። የተላጨ ይገባል። ያልተላጨ ተላጭቶ ይመጣል።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከበር ተመለሰ። የመለሰው ዩኒት ሊደሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ልጁ ምንም አልተናገረም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በማግስቱ ተላጭቶ መጣ። ከንፈሩ በላይና አገጩ ሥር ሁለት ቦታ ተቆርጧል፤ ደሙን ለማቆም የለጠፋት ወረቀት ደርቃ እዚያው ቀርታለች። «ጎበዝ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ «ጎበዝ» ነው ያልኩት።

በሦስተኛው ቀን አጎቱ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ገና ቁጭ ሳይሉ ገባኝ። «የወንድሜ አርባ ገና አልወጣም» አሉ። «ልጁ ላባቱ ሐዘን ያቆየውን ጺም ነው ያስላጩት።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እሳቸውንም ልጁንም አስፈቅጄ ነው። ልጁን ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጠየቅሁት። «ማን ጠየቀኝ ቲቸር?» አለኝ። ልክ ነው። በር ላይ ጥያቄ የለም። አገጭ ብቻ ነው የሚታየው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ሞከርኩ። አንድ እሑድ ማታ ከአንድ መምህር ጋር ሆነን ተማሪዎች የተከራዩባቸውን ቤቶች ዞርን። ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከሞጃና ወደራ ልጃችሁን ልካችሁ ቤት ተከራይታችሁ የምታስተምሩ ወላጆች የማወራውን ቤት ታውቁታላችሁ። አንድ ክፍል ነው። መሬት ላይ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ የስንቅ ከረጢት፣ የበሶ ጣሳ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን። ሦስት ልጆች ይኖሩበታል። መስኮቱ ላይ የተሰበረ መስታወት ቁራጭ ቆሟል። አጠገቡ ያለቀ ሳሙና አለ፣ ሳሙናው ላይ አንድ ምላጭ ተሰክቷል። አንድ ምላጭ፣ ለሦስት ልጅ። ለሰኞ ሰልፍ እሑድ ማታ በተራ ይላጩበታል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በኅዳር፣ በደብረ ብርሃን። ከሰል ለወጥ እንጂ ለጺም ውሃ ማሞቂያ አይባክንም።

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ሚኒ ሚዲያችን በእረፍት ሰዓት «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» ይላል። በራችን ደግሞ በጋራ ያስላጫል። ኤች አይ ቪን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ከሰውነት ወጥቶ ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ምላጩ ላይ ደም ባይታይም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ፦ ስንቅ ስትቋጥሩ ለልጁ የራሱን ምላጭ ጨምሩበት። ጓደኛው ቢጠይቀው እንዳያውስም ንገሩት። እንጀራ ያካፍል፣ ምላጭ አያካፍል።

ሌላም አለ። የአንዳንዱ ልጅ አንገትና አገጭ በትንንሽ እብጠት ተሞልቶ ታያላችሁ። ብጉር ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ብጉር አይደለም። የእኛ ሰው ጺም ጥቅልል ነው። ምላጭ ከሥሩ አስጠግቶ ሲቆርጠው ጫፉ ይሾላል። ሲያድግ ይጠመዘዝና ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይመግላል። ልጁ ደግሞ ቆሻሻ መስሎት አጥብቆ ይላጫል፣ ይብስበታል። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው። ምላጩን ማቆም፣ ጺሙን ትንሽ ማስረዘም፣ ከዚያ በቶንዶስ ዝቅ ማድረግ። ከመገለ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ልጅ በየሳምንቱ «ተላጭተህ ና» ስንለው ነበር።

አንዲት እናት «መምህር፣ ካሁኑ ካስላጫችሁት እኮ ይበዛበታል፣ ይወፍርበታል» አሉኝ። አንድ አባት ደግሞ በተቃራኒው ልጃቸው ጺም ቶሎ እንዲያወጣ ገና ባዶ አገጩን ያስላጩታል። ሁለቱም አይሆንም። የባዮሎጂ መምህራችን እንዳስረዱት ጺም የሚበቅለው ከቆዳ ሥር ነው። ምላጭ ደግሞ ከላይ ያለውን ብቻ ነው የሚነካው። ሚልድረድ ትሮተር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህን የመረመረችው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው። መላጨት ጺምን አያበዛም፣ አያፈጥንም። ምላጭ ቀጭኑን ጫፍ ቆርጦ ወፍራሙን ስለሚያስቀር ሲነኩት ይሻክራል፣ ያ ነው የሚያታልለን።

ጺሙን የሚያመጣው ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። መጀመሪያ ከላይኛው ከንፈር ዳርና ዳር ለስላሳ ሪዝ ትወጣለች። ከዚያ ወደ መሐል ትገጥማለች። ቀጥሎ ከታችኛው ከንፈር ሥር፣ ቆይቶ ጉንጭና አገጭ ይሞላል። አንዱ በ13 ዓመቱ ይጀምራል፣ ሌላው በ17ቱም ምንም የለውም። በዘር የሚወረስ ነው። ጨዋ ልጅ ዘግይቶ፣ ዱርዬ ቶሎ አያበቅልም።

ደግሞ የክፍሎቻችንን ሁኔታ እናንተው ታውቁታላችሁ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። የተቋረጠው ትምህርት ተቋረጠ፣ ያቋረጠውም ልጅ አቋረጠ። በግ ሲጠብቅ፣ ጉልበት ሥራ ሲሠራ ቆይቶ ነው የተመለሰው። አሁን 9ኛ ክፍል 19 ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ። ጺሙ ከኔ ይበልጣል። ከ14 ዓመት ልጅ ጎን ቁጭ ብሎ ለመማር ድፍረት ይጠይቃል። ያን ድፍረት አግኝቶ የመጣን ልጅ እኛ በአገጩ ከበር መለስነው። አንዳንድ መምህራንም ክፍል ውስጥ «አባባ» ይሉት ነበር። ለቀልድ ነው። ይህ እንዲቆም ነግሬያለሁ፣ ቆሟልም።

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። «ቲቸር፣ ራስ አበበ አረጋይ ዛሬ ቢመጡ በዚህ በር ይገቡ ነበር?» አለኝ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ከጣልያን ጋር ሲዋጉ የተነሡትን ፎቶ ያየ ያውቃል፤ ጎፈሬያቸውና ጺማቸው ሌላ ነው። «አንተም ጣልያንን አስወጣና ትገባለህ» ብዬ መለስኩለት። ሰልፉ ሳቀ። ቢሮዬ ከገባሁ በኋላ ግን ለጥያቄው መልስ እንዳልሰጠሁት ገባኝ።

አሁን ወደ ተወሰነው ልሂድ። ከወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት ጋር ሁለት ጊዜ ተቀምጠናል፣ ጭቅጭቅም ነበረበት። አንድ የቀድሞ ወታደር የሆኑ አባት «ልጅ ልጅ ይምሰል፣ እናንተ ከለቀቃችሁት እኛ ቤት ምን ልንል ነው?» ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። የሚሉት ይገባኛል። እኔም ጉንጩ ላይ መስመር አስወጥቶ፣ እየቀረጸና እየፈለፈለ፣ የክፍለ ጊዜውን ግማሽ በስልክ ካሜራ ራሱን ሲያይ የሚውል ልጅ ሲያጋጥመኝ ደስ አይለኝም። ፋራ በሉኝ። ግን እሱም ቢሆን ወላጁ ይጠራል እንጂ ትምህርት አያመልጠውም።

ስለዚህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በጺም ምክንያት ከበር የሚመለስ ተማሪ የለም። ይላጭ አይላጭ የሚወሰነው ቤት ነው። ካቆየው ንጹሕና ዝቅ ያለ ይሁን፣ ይህን ብቻ ነው የምንጠይቀው። ጺም በቀን ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በ15 ቀን አንዴ በቶንዶስ ዝቅ ካለ በቂ ነው። በሐዘንም ሆነ በእምነት ያቆየ ልጅ ማስረጃ አይጠየቅም። ሱና ነው ያሉኝ ሙስሊም ወላጆች፣ የዲያቆናት ወላጆችም እንደዚሁ፣ ለዚህ ብላችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ እንዳትመላለሱ።

ለጸጉር ቤት ለሚቸገሩት ከውስጥ ገቢ አንድ ቶንዶስ ገዝተናል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት የጤና ክበብ አባላት በመምህር ክትትል ያስተካክላሉ፣ በየልጁ መሐል የቶንዶሱ ጥርስ በአልኮል ይጸዳል። ባለፈው ዓርብ ተሞከረ። ልጆቹ ተሰልፈው ሲጠብቁ አንዱ የመንዝ ልጅ «የበግ ሽለታ ደረሰ!» ብሎ ጮኸ። ስሙ እዚያው ጸደቀ። አሁን «ሽለታ» ነው የሚባለው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ አባት ለልጁ ጺም አላጫጭ አያሳይም። ነውር ይመስለዋል። ልጁም አይጠይቅም። እኔ በ15 ዓመቴ ያባቴን ምላጭ ሰርቄ፣ በረት ውስጥ ተደብቄ፣ ያለ ሳሙና ተላጨሁ። ጠባሳው አሁንም ከንፈሬ ዳር አለ። አባቴ ማታ አየኝ፣ ሳቀ፣ ምንም አላለኝም። ቢያሳየኝ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት። ፊትን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማርጠብ፣ ጸጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ መላጨት፣ አለመጫን፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ አለመፋቅ። አባት ቤት ከሌለ አጎት ያሳይ፣ ታላቅ ወንድም ያሳይ። እናትም ብትናገር ምን ነውር አለው።

የደንቡን አዲስ መስመር የምናጸድቀው በመጪው ቅዳሜ ነው። ገበያ እንደሚያስቸኩላችሁ ስለማውቅ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንጀምርና በ3 ሰዓት እንለቃችኋለን። የምትቃወሙም ኑ። እኒያ ወታደር አባት እንደሚመጡ ነግረውኛል፣ ተዘጋጅተው።

የ10ኛ ክፍሉ ልጅ አባት አርባ ደግሞ በማግስቱ እሑድ ይወጣል። ዩኒት ሊደሩና እኔ እንሄዳለን። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ወላጅ ካለ መኪናው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ይነሣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ