ማጠንጠኛውን ማን ይያዝ? የካይት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ሥራ የጀመረው በ14 ልጆች ነው። ሁሉም ካይት ማብረር ይፈልጋሉ። የክሩን ማጠንጠኛ ልያዝ የሚል ግን አንድም አልነበረም። ዓመቱን ሳስብ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

ኅዳር ላይ ስለ ኡታራያን ማንበብ ጀመርን። በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራት፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 የሚከበር የካይት በዓል ነው። ዘንድሮ በእኛ ጥር 6 ዋለ። ወቅቱ የእነሱ የብርድ ወራት ነው፤ እንደ እኛ በጋ ደረቅ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ቃሉ የፀሐይን ወደ ሰሜን መመለስ ይናገራል። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ፀሐይ የምትመለሰው እኮ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው" ብሎ ሞገተኝ። ልክ ነው። በዓሉ የሚቆጠረው በከዋክብት ስለሆነ፣ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ቀኑ ቀስ እያለ ፈቀቅ ብሏል። በጥያቄው በጣም ነው የተደሰትኩት።

በጉጃራቷ አህመዳባድ ከተማ ውስጥ በዚያ ቀን ሰው የሚገኘው ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፤ አያት፣ እናት፣ ልጅ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ይውላል። ኡንዲዩ የሚሉት የአትክልት ወጥ ይቀርባል፤ ጃሌቢ የሚባል ጣፋጭ አለ፤ ከሰሊጥና ከኦቾሎኒ የሚሠራ ቺኪ የሚባል ጣፋጭም አለ። ጨዋታው የሌላውን ክር መቁረጥ ነው። አንዱ ካይት ሲቆረጥ ሰፈሩ በሙሉ "ካይፖ ቼ!" እያለ ይጮኻል፤ ተቆረጠ ማለት ነው። ሲመሽ በክሩ ላይ የወረቀት ፋኖስ አንጠልጥለው ይለቃሉ። ጨዋታው በማግስቱም ይቀጥላል።

ከእያንዳንዱ አብራሪ ኋላ ደግሞ ፊርኪ የያዘ ሰው ይቆማል። ፊርኪ ማጠንጠኛው ነው። ብዙ ጊዜ እህት ወይም ታናሽ ወንድም ይይዘዋል። ክር ሲፈለግ ይለቃል፣ ሲላላ ቶሎ ይጠቀልላል። እሱ ከዘገየ ካይቱ አለቀለት።

አንድ ነገር ግን አልተቀበልንም። እነሱ ክሩን በሩዝ ሙጫና በደቀቀ ጠርሙስ ይቀቡታል፤ ማንጃ ይሉታል። በየዓመቱ ብዙ ወፎች ይቆስሉበታል፣ ሰውም ሞቶበታል። የናይሎኑ ማንጃ በህንድ ተከልክሏል። የጉጃራት መንግሥትም በበዓሉ ሰሞን የቆሰሉ ወፎችን የሚያሳክም ዘመቻ አለው። እኛ ተራ የጥጥ ክር ተጠቀምን። ክር መቁረጡን ትተን፣ አየር ላይ ረጅም ጊዜ የቆየ ያሸንፍ ተባባልን።

የህንዱን ዓይነት ካይት መሥራት ቀላል አልነበረም። የሰፈር ልጆች በደብተር ወረቀት የሚሠሩት ካይት ጭራ አለው፤ የሚያረጋጋው ጭራው ነው። የህንዱ ጭራ የለውም። አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት፣ አንድ እንደ ደጋን የጎበጠ፣ በላዩ ስስ ወረቀት፣ በቃ። ክሩ ሲላላ ይሽከረከራል፣ ሲሳብ ወደዞረበት አቅጣጫ ይፈተለካል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በአፍንጫቸው መሬት ተከሉ። ክሩ ከካይቱ ጋር የሚታሰርበትን ቋጠሮ በጣት ስፋት ወደ ላይ ስናደርገው ስድስተኛው ተነሳ። ልጆቹ "ካይፖ ቼ!" ብለው ጮኹ። የተቆረጠ ነገር ባይኖርም ማንም አላረማቸውም።

ጥር 6 ማክሰኞ፣ ከትምህርት በኋላ ሜዳ ወጣን። ማጠንጠኛ ያዥ በዕጣ ተመረጠ። ዕጣው የደረሳት አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ አኩርፋ ነበር የቆመችው። ነፋሱ ጠንከር ሲል አብራሪው "ልቀቂ! ልቀቂ!" አላት። ለቀቀች። ወዲያው ደግሞ "ሰብስቢ!" አላት። እጇ ከድምፁ ይፈጥን ነበር። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ የእነሱ ከባሕር ዛፉ በላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ አብራሪው ሳይናገር ትለቅና ትሰበስብ ጀመር። ክሩ እጇ ላይ ሲከብድ ይታወቃታል አለችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዕጣ ላወጣ ስል "እኔ ልያዝ" የሚሉ አራት እጆች ተነሱ። የእሷ እጅ ከሁሉም በፊት ነው የወጣው።