ቡላን ለፈተና ላበቃችሁ ለሰፈሬ ሰዎች፦ የምስጋና መልእክት

በደብረ ማርቆስ ለምትኖሩ ጎረቤቶቼ በሙሉ፣

ባለፈው ወር በሰፈራችን ኳስ ሜዳ በተደረገው የውሾች ታዛዥነት ፈተና ውሻዬ ቡላ ከ200 ነጥብ 178 አግኝቶ ማለፉን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። ያን ዕለት ግን ደስታዬ ከልክ ስላለፈ ማንንም በወጉ ሳላመሰግን ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ ይህን ጽፌያለሁ።

ፈተናው እኛ የፈጠርነው አይደለም። በአሜሪካ ሄሊን ዋይትሃውስ ዎከር የተባሉ ሴት፣ የሚያረቧቸው ፑድል ውሾች ጌጥ እንጂ ሌላ ጥቅም የላቸውም እየተባሉ ስለተናቁባቸው፣ ችሎታቸውን በአደባባይ ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1933 በኒው ዮርክ ግዛት የመጀመሪያውን ፈተና አዘጋጁ፤ የአገሪቱ የውሾች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ኬኔል ክለብም በ1936 ደንብ አድርጎ ተቀበለው። በዚያ ደንብ ጀማሪ ውሻ የሚያልፈው ቢያንስ 170 ነጥብ፣ ከየክፍሉም ከግማሽ በላይ ሲያገኝ ነው። እዚያው አገር የሚኖረውና ከራሱ ውሻ ጋር ለዓመታት የተወዳደረው ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ በዚሁ ደንብ ዳኛ ሆነልን። ውጤቱ በክለቡ መዝገብ የማይገባ፣ ማዕረግም የማያሰጥ ነው። ሆኖም ቡላ ከቄራው አጥር ሥር የተወለደ የአገራችን ውሻ ነው፤ እኔም «የሐበሻ ውሻ ከመጮህ ሌላ ምን ያውቃል?» ስባል ስለኖርኩ፣ የእኒያ ሴት ታሪክ የራሴን ያህል ይገባኛል።

ከፈተናው ክፍሎች ሁሉ የከበደን፣ ውሻው በአራት እግሩ ቆሞ ሳለ ባለቤቱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ሲቆም፣ ዳኛው ቀርቦ ራሱን፣ ጀርባውንና ኋላውን በመዳፉ የሚነካበት ነው። ውሻው ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። በእኛ አገር መንገድ ላይ ያደገ ውሻ ግን ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ መሆኑን ከቡችላነቱ ያውቃል። ቡላም እንግዳ ሰው ጎንበስ ባለ ቁጥር ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ቆልፎ ይሸሽ ነበር። ይህን ፍርሃት እኔ ብቻዬን ላወጣለት አልችልም ነበር፤ እኔን አይፈራማ።

ያወጣችሁለት እናንተ ልጆች ናችሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ አንድ በአንድ እየመጣችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ከመሬት ድንጋይ በማንሳት ፈንታ የዳቦ ቁራሽ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ትሄዱ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ አደረጋችሁ። መጀመሪያ እናንተ ከራቃችሁ በኋላ ነበር የሚበላው፤ ከዚያ ቆማችሁ እያያችሁት፤ በመጨረሻም ከእጃችሁ። ከቡላ ግራ ዓይን በላይ ያለው ጠባሳ ከማን ድንጋይ እንደመጣ ያወቅሁት፣ ያደረገው ልጅ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሲነግረኝ ነው። ስሙን አልጠራም። ነገር ግን ከእኔ ሌላ መጀመሪያ የቡላን ራስ በመዳፉ የነካው እሱ መሆኑን እናቱና አባቱ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ቆሎ የሚሸጡት እማማ፣ እርስዎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰው ስለሆኑ ውሻ እንደማይነኩ አውቅ ነበር፤ ስለዚህም ደፍሬ አልጠየቅሁዎትም። እርስዎ ግን በራስዎ ፈቃድ፣ ከማያስቀድሱበት ቀን አንዱን መርጠው፣ «አሮጊትም ትዳስሰውና ይልመድ» ብለው መጡ። ቡላ ያን ቀን አንድም እግሩን አላነቃነቀም።

በሁለት ሰዎች ዙሪያ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ መሄድም አለ። ሰዎቹ በ2 ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ይቆማሉ፤ ውሻው ከባለቤቱ ግራ ጎን ሳይለይ፣ በውስጠኛው መታጠፊያ እርምጃውን መቀነስ፣ በውጭኛው ደግሞ መፍጠን ይኖርበታል። በየማለዳው ከሌሊት ጥበቃ ሲወጡ በጋቢዎ እንደተጠቀለሉ ምሰሶ ሆነው የቆሙልኝ አባባ፣ ዱላዎን ያስቀምጡልኝ ብዬ ስለምንዎት አልተቀየሙኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን «ዱላ የሌለበት አገር የት አለ? ይልመደው እንጂ» ብለው መልሰው ያዙት፤ ልክ ነበሩ። በፈተናው ዕለት ከተመልካቹ ግማሹ ዱላ ይዞ ነበር የመጣው።

የሥጋ ቤቱ ጋሼ የጉበት ቁርጥራጭ ሳያስከፍሉ አስቀመጡልኝ፤ እኔም ቀቅዬ እንደ ሽምብራ ፍሬ አሳንሼ እከትፈው ነበር። በፍልሰታ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ ዳቦ ቆሎ ያቀበላችሁኝ እኅቶቼም አትረሱም።

በሐምሌ መጨረሻ፣ በዝናብ፣ ቡላን ባጃጅ ገጨው። የኋላ እግሩ ተሰበረ። ሾፌሩ ግን ጥሎት አልሄደም፤ ጃኬቱን አውልቆ ጠቅልሎት፣ እኔንም አሳፍሮ ወደ እንስሳት ሐኪሙ አደረሰን። ሐኪማችን እግሩን አሰሩለት፤ ስድስት ሳምንት እንዳይሮጥ አዘዙ። ልጆች ውሾቹን የሚነኩ ከሆነ አንዱም ሳይከተብ መቅረብ የለበትም ብለው፣ ለፈተና የቀረቡትን አምስቱንም ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ የከተቡልን እሳቸው ናቸው።

በዕለቱ ውሻው ቁጭ ብሎ ባለቤቱን በሚጠብቅበት ክፍል፣ ቡላን ቁጭ አድርጌ ገመዱን ላመጣ ወደ ሜዳው ዳር ስሄድ፣ ወንድሜ ሰዓቱን ይዞ አንድ ደቂቃ ይቆጥር ነበር። በዚያው ቅጽበት ከማዶ የተለጋ ኳስ እየተንከባለለ መጥቶ ከቡላ ፊት ቆመ። ቡላ ኳስ ይወዳል፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ ዝም አለ፤ ኳሱን የለጉት ልጆችም ሊያነሱት አልሮጡም፣ አልተጣሩም። ቡላ ኳሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁጭ እንዳለ ቀረ። የጎደሉት 22 ነጥቦች በሌላ ቦታ የጎደሉ ናቸው፤ ስጠራው መጥቶ ከፊቴ ጠምዘዝ ብሎ በመቀመጡና በስምንት ቁጥሩ ውጭኛ መታጠፊያ ወደኋላ በመቅረቱ። የተሰበረው እግር በዚያ በኩል ነው፤ እኔ አልፈርድበትም።

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቤቴ ቡና ስለሚፈላ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ኑልኝ። የባጃጁን ሾፌር ስልክ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሳልቀበለው ቀርቻለሁ፤ ጃኬቱም ታጥቦ እኔ ዘንድ አለ። የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩልኝ።

እኅታችሁ፣ የቡላ ባለቤት
ደብረ ማርቆስ