እማዬ፣ አመመኝ በያቸው

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እዚህ ቻይና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የሚያነብልሽ ያው ወንድሜ ነው አይደል? የሴት ወሬ ሲመጣ እንዳይስቅ ንገሪው።

ለማህፀንሽ ኦፕራሲዮን ደብረ ማርቆስ ልትገቢ መሆኑን ሰማሁ። መውጣቱን ስንት ዓመት ደበቅሽን! እሱን ስመጣ እንጣላበታለን።

እንቅልፍ የነሳኝ በስልክ ያልሽኝ ነው። «ሞርፊን የሚሉት የሕመም ማስታገሻ ሱስ ነው፣ አንቺ የነገርሽኝ እጅ ላይ ያለውን ነጥብ መጫን ይበቃኛል።» ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጋንኜ ነግሬሻለሁ።

እዚህ ሐኪሞቹ እጅና እግር ላይ ያሉ ነጥቦችን በመርፌ ወይም በቀላል ኤሌክትሪክ ይነካካሉ። ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንዲያወጣ ነው። ግን ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፈንታ አይደለም። ለማቅለሽለሽ በደንብ ይረዳል፤ ለሕመሙ ግን እገዛው መጠነኛ ነው።

ማሽኑ ባይኖርም ጣትሽ አለ። መዳፍሽን ወደ ላይ አድርጊና ከእጅሽ አንጓ መስመር ወደ ክንድሽ ሦስት ጣት ለኪ፤ መቁጠሪያሽን ከምትጠመጥሚበት ከፍ ብሎ ማለት ነው። በሁለቱ ጅማቶች መሃል 2 ወይም 3 ደቂቃ ጫን አድርጊ። ቦታውን ኔይጓን ይሉታል። ሞርፊን ወይም ትራማዶል የሚሉት ሌላው ማስታገሻ ሲያቅለሸልሽሽ ሞክሪው።

ሱሱን ተይው። ሐኪም እያየሽ ለጥቂት ቀን ብትወስጂ ሱስ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። አባዬ እግሩ ተሰብሮ የተኛ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሌሊቱን ጥርሱን ነክሶ ያድርና ነርሷ ስትጠይቀው «ደህና ነኝ ልጄ» ይላል። የጎጃም ጀግንነት! አንቺ እንደሱ እንዳትሆኚ። ሕመም ሲይዝሽ በደንብ አትተነፍሺም፣ ተነስተሽም አትራመጂም። ሳንባሽ ይታመማል፣ እግርሽ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

የምፈራው ሌላ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሆድ ያደርቃሉ። ማማጥ ደግሞ ለተሰፋው ማህፀን ጠላቱ ነው። ስለዚህ ውሃ ጠጪ፣ የሚያለሰልስ መድኃኒት ስጡኝ በይ፣ ምግብ ሲፈቅዱልሽ ጎመን ብዪ። መድኃኒቱን እየወሰድሽ አረቄ እንዳትቀምሺ፣ ለወገቤ ብለሽም ቢሆን። በጣም ከደነዘዝሽ ወይም ትንፋሽሽ ከዘገየ ወንድሜ ሮጦ ነርስ ይጥራ።

ቤት ከገባሽ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ጀሪካን አትነኪም። ውሃውን እሱ ይቅዳ።

ማንበቡን አቆመ አይደል?

ልጅሽ