አባዬ፣ ይሄን ብቻህን ሆነህ አንብበው

አባዬ እንዴት ነህ፣ የእግርህ እብጠት ቀነሰ? በስልክ ልነግርህ ስጀምር "እሺ እሺ በርቺ" ብለህ ትዘጋብኛለህ ስለዚህ ጻፍኩት። የታደሰ ልጆች እንዳያነቡልህ፣ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው።

እኛ ደህና ነን። ማክዳ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባት ቤቱን ቀውጢ አድርጋዋለች፣ ናቲ ደግሞ የፊት ጥርሱ ወልቆ "አያቴን መሰልኩ" እያለ መስታወት ፊት ነው የሚውለው። ኮዬ ውሃው እንደምታውቀው በፈረቃ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጄሪካን መሸከም ነው። አንተ ግን ጄሪካን እንዳትነካ፣ በተለይ በግራ እጅህ። ለኩላሊት እጥበቱ ደም ስርህን አገጣጥመው ፊስቱላ የሠሩበት እጅ ከባድ ነገር አይነሳበትም፣ ግፊትም አይለካበትም፣ ነርሷ ብትረሳ እንኳን እጅህን ሰብስብ። ባለፈው ከእጥበት ስትወጣ ደግፌህ ደረጃውን ስንወርድ ክንድህ እጄ ውስጥ ሲርገበገብ ተሰማኝ፣ ደም በቆዳ ላይ እንደዛ ሲሮጥ ይሰማል ብዬ አላውቅም ነበር፣ ታክሲው ውስጥ እስክንገባ አለቀቅኩህም፣ አንተ ግን ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነበር የምታወራው።

በቃ ልናገረው። ደላላው ኩላሊቱን እንዲሸጥልህ ይዞት የመጣውን ልጅ አይቼዋለሁ። ምሳ ቀርቦለት አንገቱን ደፍቶ ሽሮውን ይበላል፣ ጣቶቹ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቀዋል፣ አንተ ደግሞ እኔን ወደ ጓዳ ጠርተህ "ጤነኛ ነው፣ አይጠጣም፣ ጥርሱን አየሽው?" ስትለኝ አቃቂ ገበያ በሬ ልትገዛ የወረድክ ነው የመሰለኝ። ደነገጥኩ፣ ምንም ሳልል ወጣሁ።

እቅዱ ይሄ ነው አይደል፣ የቀረችው 500 ካሬ ትሸጣለች፣ ለልጁ የዘመዳችን የጋሽ በቀለ ልጅ ነው የሚል ወረቀት ይወጣለታል፣ ከዛ ውጭ አገር ሄዳችሁ ንቅለ ተከላውን ታሠራላችሁ። ጋሽ በቀለ ልጅ ሳይወልድ እንደሞተ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል አባዬ! እዚህ አገር ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ንቅለ ተከላ ሲጀምር በሕይወት ካለ ዘመድ የሚሰጥ ኩላሊት ነበር የሚቀበለው፣ ዘመድ የሚፈበረከውም ለዛ ነው። በ2012 የወጣው በሰው የመነገድ አዋጅ ደግሞ የሰውነት አካል ማውጣትን ብዝበዛ ውስጥ ነው የጻፈው። ነገር ቢበላሽ ደላላው ሲም ካርዱን ይጥላል፣ የምትያዘው አንተ ነህ፣ በሳምንት ሦስቴ እጥበት ያለብህ ሰውዬ።

"ልጁ ፈቅዶ ነው" አልከኝ። አንተም'ኮ ለመሬቱ ካሳ ፈርመሃል። ጣትህን ይዞ ያስፈረመህ የለም፣ ግን ባትፈርምስ ምን ልትሆን ነበር? እስከዛሬ ስለዛ መሬት ወሬ ሲነሳ ተነስተህ ትወጣለህ። ይሄ ልጅም ዕዳ አለበት ብለኸኛል፣ እናቱ ታመው ነው የተበደረው። ሕንድ ቼናይ ውስጥ ኩላሊታቸውን የሸጡ 305 ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት አለ፣ ነርስ የሆነችው ጓደኛዬ ናት ያሳየችኝ፣ 96 ከመቶው የሸጡት ዕዳ ለመክፈል ነው፣ በአማካይ 6 ዓመት ቆይተው ሲጠየቁ ግን ከነዚሁ ባለዕዳዎች 74 ከመቶው አሁንም ዕዳ ውስጥ ናቸው፣ የቤተሰቡ ገቢም ሲሶው ሄዷል። ብር እንዲህ ሲመጣ እንዴት እንደሚያልቅ ለአንተ አልነግርህም፣ በካሳው ብር የተገዛው አይሱዙ ሞጆ መንገድ ላይ ነው ያለቀው።

እርግጥ ኢራን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ለሰጪው መክፈል በሕግ ተፈቅዷል። እሱ ላይ ብዙ አልከራከርህም፣ ዶክተሩ ይከፈለዋል፣ አየር መንገዱ ይከፈለዋል፣ ሆስፒታሉ ይከፈለዋል፣ በነፃ ስጥ የሚባለው አካሉ የሚቆረጠው ሰው ብቻ ነው የሚሉት እውነት አለው። ግን እዛም የሚሸጠው ያው ደሃ ነው።

ከሁሉም የከነከነኝ ሌላኛው ንግግርህ ነው። "ከገዛሁት የማንም ውለታ የለብኝም" ያልከው። የማን ውለታ ነው የከበደህ አባዬ፣ የኔ? ካሳው ሲመጣ ለወንድ ልጅህ ለታደሰ መኪና ተገዛ፣ እኔ "አንቺማ ባል አለሽ" ተባልኩ። እማዬም አጠገብህ ነበረች፣ ዝም አለች ነፍሷን ይማር። እስከዛሬ አንስቼብህ አላውቅም፣ ዛሬ አነሳሁት፣ ተቆጣ ከፈለግክ። ያኔ ድርሻ የለሽም ተባልኩ፣ አሁን ደግሞ ልስጥ ስል "የልጄን ሥጋ አልበላም" ትላለህ። የሰው ልጅ ሥጋስ?

ተመርምሬያለሁ። ሳልነግርህ። እስካሁን ደሙም ቲሹውም ይስማማል ብለውኛል፣ የልብና የስኳር ምናምን ምርመራ ይቀራል። ብቻዬን አስገብተው ማንም አስገድዶሽ ነው ወይ፣ የሚሰጥሽ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ለቤተሰብ "አልተስማማም" እንላለን፣ ምክንያቱን ማንም አያውቅም አሉኝ። ይሄን ስሰማ ታደሰ ትዝ አለኝ። እሱም "አልገጠመም ተባልኩ" ነው ያለን። አልጠየቅኩትም፣ አንተም እንዳትጠይቀው፣ እንዳትቀየመውም። ይሄ በር ለሱም ክፍት መሆን አለበት፣ አለበለዚያ መስጠት ተብሎም ግዳጅ ነው። የሚሰጥሽ ነገር አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኩ፣ ስወጣ ግን እያሰብኩት ነበር፣ ምናልባት አንድ ቀን በሰው ፊት "ልጄ" ብለህ እንድትጠራኝ እፈልግ ይሆናል፣ እሱ ክፍያ ነው እንዴ? እንጃ።

ለኔ አትፍራ። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ለመንታ ወንድሙ የሰጠው ሮናልድ ሄሪክ የሚባል ሰው በአንድ ኩላሊት 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው የሞተው። የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ የሚሉት የሱን ነው። አደጋ የለውም አልልህም፣ ቀዶ ጥገና ነው፣ ግን ልጆቼን ወልጄ ጨርሻለሁ፣ ባሌም ያውቃል፣ መጀመሪያ ተጣላን በኋላ እሺ አለ።

ሙዝና ድንች ቀንስ ተብለሃል፣ ታደሰ ቤት ድንች ወጥ ሲሠራ ለምን እንደማትናገር አይገባኝም። ጨውም።

ለልጁ አንድ ነገር እናድርግ፣ ታደሰ ሳይት ላይ የሚያስገባው ሰው አያጣም፣ እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ። ደላላው ሲደውል ግን ስልኩን አታንሳ። የካርታውን ኦሪጅናል ሰጥተኸው ከሆነ ወይም ቀብድ ከፍለህ ከሆነ ደግሞ አትደብቀኝ፣ አልጮህም። ከፍለሃል እንዴ? ሌላውን ተወውና ዛሬ ማታ እሱን ብቻ ደውለህ ንገረኝ።

ልጅህ